የኔታ ክንፈ እና ሁለተኛው ዓይኔ

የኔታ ክንፈ ማረፋቸውን የሰማሁት ወገዳ ገበያ ላይ በምስር ዋጋ ስከራከር ነው። ሻጩ የሲማዳ ገበሬ ነው። ዋጋ ለማስወረድ አንድ እፍኝ ምስር መዳፌ ላይ ዘርግቼ ጠጠር ስፈልግ አየኝና፣

«አንተስ ዓይንህ ደህና ነው፤ የኛ ሰዓሊ ናቸው ዓይናቸውን ሳያገኙ ያረፉት» አለ።

«የቱ ሰዓሊ?»

«መሪጌታ ክንፈ ናቸዋ። ቀብረናቸው ሳምንት ሆነን።»

ሰው እንዲህ ሲባል «ነፍስ ይማር» ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን ከዚያ በፊት አፌ ሳይሆን ሆዴ ያለው ሌላ ነው። «ዓይኔስ?» ነው ያለው። ምስሩን ከነጠጠሩ፣ ገበሬው በጠራው ዋጋ ገዛሁት። በንግድ ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሰውየውም ግራ ተጋብቶ ሁለት እፍኝ መረቀልኝ።

ስሜ አበጀ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ቀለም፣ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ፤ ሱቁ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እህል ፍለጋ እስከ ሲማዳና እስቴ እዞራለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ባለቤቴ እናኑ «የተቀመጥክበት ወንበር እንኳ ሳይሞቅ ነው የምትነሣው» ትለኛለች። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ቀሪውን ያስተማረኝ መነኸሪያና ገበያ ነው። የፈረንጅ አፍም እዚያው ነው የለቀምኩት፤ ለመግዛትና ለመሸጥ ይበቃል።

የኔታ ክንፈን ያወቅኳቸው ቀለም ሲገዙ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ሰው ነበሩ። የጥፍራቸው ሥር ምንጊዜም አንድ ቀለም ይዞ ይታያል። ትውልዳቸው ሲማዳ ነው። ቅኔም ድጓም ከተማሩ በኋላ ሥዕል ይዟቸው ቀረ፤ ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በአንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። ሰው ሲያገኙ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል፣ ከዚያ ሌላውን ጨፍነው ያዩታል፣ ከዚያ በኋላ ነው «እንዴት ዋልክ» የሚሉት።

ይህች ነገራቸው የከተማውን ሰው ታስጨንቅ ነበር። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ኃጥእ ግን በጎኑ ነው የሚሳለው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ሰይጣንም፣ ይሁዳም፣ ሰማዕታትን የሚገርፈውም ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ውዱ ሳያፍር ይጠይቃቸዋል።

«የኔታ፣ እኔን ቢስሉኝ ስንት ዓይን አለኝ?»

«መጀመሪያ ሱሪዬን በተባባልንበት ቀን አድርስልኝ። ከዚያ እንቆጥራለን።»

የፈረንጁ ነገር የመጣው መንገዱ አስፋልት በሚሠራበት ጊዜ ነው። ከከተማው በታች የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ተተክሎ ነበር፤ እዚያ ፒተር የሚባል ጢሙ የሸበተ ኢንጂነር አለ። አንድ ቀን ሱቄ መጣና ትንሽ ብሩሽ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔ ጋ ያለው ትንሹ ብሩሽ በር የሚቀባ ነው። ሳቀና ከደረት ኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የአውራ ጣት አንጓ የምታህል ግራጫ ወታደር ነች፤ ፕላስቲክ። ከራስ እስከ እግር ብረት ለብሳለች፣ ትከሻዋ ላይ ሁለት ማሰሮ የተደፋባት ትመስላለች።

«የልጅህ ናት?» አልኩት።

«የኔ ናት» አለ፣ ምንም ሳያፍር።

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። እሑድ እሑድ ከአንድ አገሩ ሰው ጋር ጠረጴዛ ላይ ይዋጋሉ። ሜትር ዘርግተው ወታደሩ ስንት እንደሚራመድ ይለካሉ፣ ነጥብ የተቀባባች ጠጠር ወርውረው ማን እንደሞተ ይወስናሉ። ሰውየው ስድስት ቀን መንገድ ይለካል፣ በሰባተኛው ጦርነት ይለካል። ወታደሮቹ ግን ሳይቀቡ አይሰለፉም፤ የሱ እጅ ደግሞ ከጊዜ በኋላ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የመጽሔት ገጽ አሳየኝ። ወታደሩ የለበሰው የብረት ጥሩር አረንጓዴ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ ጎህ ሲቀድ እንዳለ የተራራ ጫፍ ያበራል።

«እንዲህ የሚያደርግ ሰው ታውቃለህ?»

ነጋዴ አላውቅም አይልም። በዚያ ላይ ካምፑ ውስጥ የቆሙት ባዶ በርሜሎች በዓይኔ ላይ ነበሩ፤ ዋጋውን በነሱ ተስማማን።

በዚያው ሰሞን የኔታ ክንፈ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። የመቅደሱ ግድግዳ ታድሶ፣ የሚለጠፍበት አቡጀዲ ተወጥሮ፣ ሥዕሉ ሁሉ በከሰል ተነድፎ አልቋል። ቀለም ግን የለም፤ ደብሩም አቅም የለውም። ሄድኩና፣

«የኔታ፣ የግድግዳውን ቀለም እኔ እሰጣለሁ። እርስዎ ደግሞ ትንሽ ሥራ ይሠሩልኛል» አልኳቸው።

«ትንሽ ስትል ምን ያህል?»

ወታደሯን መዳፋቸው ላይ አቆምኳት። በአንድ ዓይናቸው አዩዋት፣ በሌላው አዩዋት።

«ምንድን ነው?»

«ወታደር ነው።»

«የማን?»

«የፈረንጁ።»

«ማንን ነው የሚወጋው?»

«ጠረጴዛ ላይ ያለውን፣ የኔታ።»

ወታደሯን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጓት። በመጨረሻ፣ «ቀለም የሰጠ ሰው በሥዕሉ ግርጌ እንደሚሳል ታውቃለህ?» አሉኝ። ያሠራው ሰው ከቅዱሱ እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ ይሳላል፤ ጥንትም እንዲሁ ነው። ይህን አላሰብኩም ነበር ብል ጽሑፌ ከወዲሁ ውሸት ይሆናል። አስቤዋለሁ። የጊዮርጊስ ሥዕል ያለው ወንዶች በምንቆምበት በኩል ነው። የንፋስ መውጫ ነጋዴ ሁሉ በየንግሡ እዚያ ይቆማል።

«እንዴት አድርገው ይስሉኛል?» አልኳቸው።

«እንደሆንከው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ቀለለ።

ሱቄ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የኔታ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ እየተቀመጡ መሥራት ጀመሩ። ፒተር ከአገሩ ያስመጣቸው የሽቶ ጠርሙስ የሚያህሉ ቀለሞች አሉ። የፈረንጁ ስም አልያዝላቸው ቢል የኔታ «ጴጥሮስ» አሉት፤ እሱም ወዶት በዚያው ጸና። የመጀመሪያዋን ወታደር አንድ ወጥ አረንጓዴ አድርገው ሰጡት። ጴጥሮስ መጽሔቱን አውጥቶ ጠርዙን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው በልልኝ» አሉኝ።

ተረጎምኩ። ፈረንጁ ወደ ላይ አመለከተ።

«ከላይ መሆኑንማ አውቃለሁ። ከየት በኩል ነው?»

ለካስ በኛ ሥዕል ብርሃን አቅጣጫ የለውም። የኔታ ሁለት ቀን ጠፉ። በሦስተኛው ቀን መጥተው እኔንም ጴጥሮስንም እጃችንን ይዘው ከከተማው ጀርባ ካለ የገብስ ማሳ ዳር አቆሙን። መስከረም ነው፤ ገብሱ ገና ወደ ቢጫ አልዞረም።

«አጎንብሱና ሥሩን እዩ» አሉ። አጎነበስን። «ጨለማ ነው አይደል? አሁን ወገቡን እዩ። እሱ ነው አረንጓዴ። አሁን ቀና በሉና ጫፉን እዩ። ጫፉ አረንጓዴ ነው?»

አልነበረም። ፀሐይ የነካችው ጫፍ ቢጫም ነጭም ነገር ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ገብስ እየሸጥኩ ኖሬ፣ ገብስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ አሠራራቸው በሦስት አረንጓዴ ሆነ። «ሥር»፣ «ወገብ»፣ «ጫፍ» ይሏቸዋል። ሥሩ ጥቁር የገባበት አረንጓዴ ነው። በአኳራጅ አቅጥነው ጠብ ሲያደርጉት ቦይ እንዳገኘ ውሃ በጥሩሩ መጋጠሚያ ሁሉ ራሱ እየፈሰሰ ይገባል። እሱ ሲደርቅ ወገቡን ይቀባሉ፤ ጎድጓዳውን አይነኩም። ከዚያ ቢጫ ጠብ ያለበትን በጠርዙ ብቻ ያስኬዳሉ። መጨረሻ ላይ የዶሮ ላባ አገዳ ውስጥ ሦስት የድመት ጠጉር የሰኩባትን ብሩሻቸውን ያነሣሉ። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በትከሻው ጫፍ ላይ፣ ካላወቅክ የማታያትን፣ ካየህ ደግሞ ዓይንህን የማትነቅልባትን ነጭ ክር ያሳርፋሉ። እኔም አብሬ ትንፋሼን እይዛለሁ። ደንበኛ «ሚስማር ስጠኝ» ሲል በእጄ «ቆይ» እላለሁ።

«አበጀ» ይላል ውዱ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ፣ «ሽያጭ ትተህ ጦር ሰበቃ ገባህ?»

ዓይን መጨረሻ ነው የሚሳለው። ይህን ከሳቸው ነው የተማርኩት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ዓይን ካገኘ በኋላ ያይሃል። እያየህ እንዴት አድርገህ ልብሱን ታለብሰዋለህ?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሳጥን አለቀ። ግማሹ ባለ አረንጓዴ ጥሩር ነው፤ ግማሹ ጠላቱ፣ ጥርሱ የከርከሮ የሆነ አስቀያሚ ፍጥረት። ጴጥሮስ አረንጓዴዎቹን ባየ ጊዜ የሚለው ጠፍቶት ኮፍያውን አወለቀ። ጠላቶቹን ሲያይ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

«ሁሉም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የተሳለው። ሌላው ተረስቷል» አለኝ።

ለየኔታ ነገርኳቸው።

«አልተረሳም። ጠላት ናቸው አላልከኝም?»

ለፈረንጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ጻድቅና ኃጥእ፣ ፊት ለፊትና በጎን እያልኩ በምልክትም በቃልም ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ገባው። ወንበሩ ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ከዚያ አንዱን ባለ አንድ ዓይን አንሥቶ ደጋግሞ አየውና እንዲያውም በጣም እንደወደደው ነገረኝ። ያን ቀን አራት በርሜል ጫንኩ።

ሁለተኛው ሳጥን ሲመጣ የኔታ ቀድመው ጠየቁ።

«ጠይቅልኝ። አረንጓዴዎቹ ጻድቃን ናቸው?»

ጴጥሮስ ራሱን አከከ። «እነሱም ብዙ ሰው ይገድላሉ» አለ። «በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንኳ ጻድቅ የሚባል የለም።»

ይህን ባልተረጎምኩት ኖሮ። የኔታ ብሩሻቸውን ጠርገው፣ ጠርሙሶቹን ከድነው ተነሡ። ሳምንት ሙሉ አልመጡም። ካምፑ ይጠብቃል፣ በርሜሉ ይጠብቃል፣ እኔ ከሱቅ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። በስምንተኛው ቀን መጡና ምንም ሳይናገሩ ተቀመጡ። ያን ሳጥን ሲጨርሱት አረንጓዴውም ባለ ከርከሮ ጥርሱም ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው።

«ምነው የኔታ? ጠላቶቹንም ማሯቸው?»

«ሥራቸውን አላውቅም። በማላውቀው እንዴት እፈርዳለሁ?»

ሳላስበው፣ «እንግዲያው እኔም ሁለት ዓይን ማግኘቴ ነው» አልኩ።

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩኝ። ሌላውን ጨፍነው አዩኝ።

«አንተንማ አውቅሃለሁ» አሉ።

ውዱ መኪናውን አቁሞ ነበር የሚሰማው። ያን ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እንደ ሰላምታ «አንተንማ አውቅሃለሁ» እያለኝ ነው የከረመው።

እውነትም ያውቁኛል። ለግድግዳው መጀመሪያ የሰጠሁት አረንጓዴ ጋሎን ንጹሕ ነበር። ሁለተኛውን ጋሎን ግን፣ እንዲሁ በልማድ፣ ከመስጠቴ በፊት ከላዩ ቀድቼ ላምባ ሞላሁበት። ለማንም የማደርገውን ነው ያደረግሁት፤ በእውነት ለይቼ ለቤተ ክርስቲያን ብዬ አይደለም። የኔታ ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን ነከሩ፣ አሸተቱ።

«አበጀ፣ ይህ ቀለም ይበራል እንዴ?»

«እንዴት የኔታ?»

«ክር ብንከትበት ጧፍ ይተርፈን ነበር ብዬ ነው።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጋሎኑን ወደ ጥግ ገፋ አደረጉትና በሱ ዘንዶውን ቀቡበት። «ለዘንዶ ይበቃዋል» ብለዋል አሉ። ዘንዶው እስከ ፋሲካ ሳይደርቅ ዝንብ ሲሰበስብ ከረመ። የጊዮርጊስን ጥሩር ግን ጴጥሮስ ከመረቀላቸው ትንንሽ ጠርሙሶች በተረፈው አረንጓዴ ሠሩት፤ በሥር፣ በወገብ፣ በጫፍ። ካህናቱ ተሰብስበው አዩት። እንዲህ ያለ ጥሩር በአገራችን ግድግዳ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

«ጠርዙ ያበራል። ብርሃኑ ከየት መጣ?» አሉ የደብሩ አለቃ።

«ከዚያ» አሉ የኔታ፣ በሩን እያመለከቱ።

አለቃው ዞረው በሩን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ከዚያ በሩን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሰፋ አድርገው ከፈቱት። ክርክሩ በዚያው አበቃ።

ዓይናቸው መድከሙን ማንም ሳይነግረኝ ያወቅኩት ሰላምታቸው ሲለወጥ ነው። አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየቱ ቀረ። ድምፄን ሰምተው «አበጀ ነህ?» ማለት ጀመሩ። ወታደሮቹን እስከ አፍንጫቸው አስጠግተው ይቀቡ ነበር፤ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ነጯን ክር በትከሻው ፋንታ አየር ላይ ሲያሳርፏት አይቻለሁ። ያን ጊዜ «ይብቃዎት» ማለት ነበረብኝ። ካምፑ ውስጥ ስድስት በርሜል ቀርቶ ነበር። ዝም አልኩ።

ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ቆይቷል፣ ከጥቃቅን ሥራ ጋርም አይገናኝም አለኝ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው።

የኔታ ከዚያ ሲመለሱ ቀጥታ ወደ መቅደሱ ሄዱ። ግድግዳው አልቋል፤ የቀረው ዓይን ነው። መላእክቱ፣ ሰማዕታቱ፣ ጊዮርጊስ፣ ፈረሱ ሳይቀር፣ ሁሉም ባዶ ፊታቸውን ይዘው ክረምቱን ሙሉ ቆመዋል። ከግርጌው ነጭ ጋቢ የለበሰ ወፍራም ሰው ተደፍቷል፤ እጁን ዘርግቷል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ዓይን አያስፈልገውም፤ ሆዱን አይቶ ሰው ሁሉ አውቆኛል። ፊቱ ግን ነገር አለበት። ፊት ለፊትም አይደለም፣ በጎንም አይደለም፤ ወደ መሬት ዘንበል ብሎ በመካከሉ ነው። ሁለተኛ ዓይን ቢፈለግ የገብስ ፍሬ የምታህል ቦታ አለችው። ባይፈለግም አይጎድልበትም።

ዓይን የተሳለው በሦስት ቀን ነው። ብርሃን በሚበረታበት ሰዓት ብቻ እየሠሩ፣ የቀለሙን ጣሳ እኔ እየያዝኩ። ግራ እጃቸው የፊቱን ዳር ዳብሶ ቦታውን ያገኛል፣ ቀኝ እጃቸው ይከተላል። ሁለቱን መላእክት ጨረሱ። ሰማዕታቱን ጨረሱ። በሦስተኛው ቀን ጊዮርጊስን ጨረሱ፣ ፈረሱንም። የዘንዶውን አንዷን ዓይን ጣል አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው በጉልበታቸው ወደ መሬት ወረዱ።

እኔ ከጎናቸው ተንበረከክሁ፤ ግድግዳው ላይ ከተደፋው ሰውዬ ጋር ተፋጠጥን። እጃቸው ፊቴን ዳበሰ፤ የግድግዳውን ማለቴ ነው። አንድ ዓይን ሳሉ። ጥሩ ዓይን ነች፤ ፍርሃቷ ሳይቀር የኔ ነች። ብሩሹን እንደገና ጣሳው ውስጥ ነከሩት። ጣሳውን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። ብሩሹን አነሡት፣ ወደ ግድግዳው አስጠጉት፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ በጨርቅ ጠረጉት።

«ለዛሬ ይበቃል» አሉ።

በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱ የወንድማቸው ልጆች በበቅሎ ወደ ሲማዳ ወሰዷቸው። ጴጥሮስም መንገዱ ሲያልቅ ሳጥኖቹን ጭኖ ሄደ።

የከተማው ሰው ሦስት ወገን ሆነ። ውዱ «አልቋል፤ እንደሆንከው ነው የሳሉህ» ይላል። እናኑ «ዓይናቸው ከድቷቸው ነው እንጂ ሁለተኛውን ሊስሉት ነበር፤ ባይፈልጉማ እጃቸው ቦታውን ባልተወልህ ነበር» ትላለች። የደብሩ አለቃ ደግሞ «ያመነቱ ይመስለኛል» ይላሉ። እኔ የሰማሁትን ሁሉ አምናለሁ፤ ጠዋት የውዱን፣ ማታ የእናኑን።

አላስቻለኝም። ከአንድ ዓመት በኋላ ስኳርና ጧፍ ይዤ ሲማዳ ወረድኩ። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። የጥፍራቸው ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ነው። ስለ ዝናቡ ጠየቅኳቸው፣ ስለ ቤተ ዘመዱ ጠየቅኳቸው፣ ስለ ምስር ዋጋ ነገርኳቸው። ገበያ ላይ የፈለግኸውን ዕቃ መጀመሪያ አታነሣም፤ ሌላ ሌላውን እየነካካህ ነው የምትጠጋው። እንደዚያ ስጠጋቸው፣

«አበጀ፣ የመጣኸው ለኔ ዓይን ነው ወይስ ላንተ?» አሉኝ።

ስኳሩንና ጧፉን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ።

«ኧረ ለእርስዎ ነው የኔታ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ለኔ ከሆነ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ለሳቸው ነው ብያለሁና ከዚያ በኋላ የራሴን ማንሣት አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስር ኖሬ እንደዚያ የታሰርኩበት ገበያ የለም። ግን እስከ ማታ ተቀመጥኩ። ስለ ገብሱ ጠየቁኝ፤ ሥሩ ጠቁሯል ወይ፣ ጫፉ ደርሷል ወይ ብለው። ማሳው ዳር ሄጄ አጎንብሼ አይቼ መጥቼ ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ አመላለሱኝ። ያን ቀን ወንበሬ ሞቀ።

ስነሣ እጄን ያዙና፣ «ያ ጴጥሮስ፣ ወታደሮቹን ዛሬም ይዋጋባቸዋል?» አሉ።

«ይዋጋባቸዋል የኔታ።»

«ማን አሸነፈ ይሆን?» አሉና ለብቻቸው ፈገግ አሉ። ያየኋቸው መጨረሻ ያ ነው።

የኔታ ካረፉ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አፍስሶ የአንዱን መልአክ ክንፍ አበላሸ። ከመካነ ኢየሱስ አንድ ሰዓሊ መጣ፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ጭምት ሰው ነው። ነጩን ቀለም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጋሎኑን እንደታሸገ ወስጄ ክዳኑን እሱ ራሱ እንዲከፍተው አደረግሁ። ክንፉን በሁለት ቀን መለሰው። ከመሰላሉ ሲወርድ ዓይኑ ግርጌው ላይ አረፈ።

«ይህስ ሰውዬ?» አለ። «አንድ ዓይን ቀርቶታል። ቀለሙ እጄ ላይ ነው፤ ልሙላው?»

የደብሩ አለቃ እኔን አዩኝ። ውዱም ነበር፣ እሱም አየኝ። ውዱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ የአንዲት ነጥብ ነገር ነው፣ ቀለሙም የራሴ ነው። ጎንበስ ብዬ ያቺን የገብስ ፍሬ የምታህል ቦታ አየኋት። ከሷ በላይ የጊዮርጊስ ጥሩር ከበሩ በሚገባው ብርሃን ጠርዝ ጠርዙን ያበራል።

«ተወው» አልኩት።

«ያላለቀ ሥራ ይመስላል እኮ፣ ጋሼ።»

«አላለቀም» አልኩና የቀለሙን ክዳን ገጠምኩት።